የ1968 ቮልስ ይዤ ቁልቢ ልሄድ ነው፤ የትኛውን የሞተር ዘይት ላድርግ?

የአባቴ ቮልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሞተር ዘይት ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

መኪናዋ የ1968 ሞዴል ቮልስ ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሞተሯ 1300 ነው። የአባቴ ነበረች። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ እኔንም እህቶቼንም ትምህርት ቤት ያመላለሰን በእሷ ነው። ታኅሣሥ 19 በመጣ ቁጥር ደግሞ ለገብርኤል ንግሥ ቁልቢ ይሄድባት ነበር። አምና ሲያርፍ ቮልሷ ግቢ ውስጥ ቆመች። ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር ማንም አልነካትም።

ዘንድሮ ስለት አለብኝ። በእሷው ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ።

ባትሪ ተቀየረላት። ካንዴላ ጸዳ፣ ካርቡራቶሩ ተከፍቶ ታጠበ። ተነሳች፣ አለቀስኩ። ከዚያ ዘይት ለማስቀየር አንድ ዘመናዊ ቦታ ወሰድኳት። ልጁ ሙሉ ሲንተቲክ 5ደብሊው30 ምርጡ ነው አለኝ። ዋጋውም ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ለአባቴ መኪና ምርጡ ይገባታል ብዬ ከፈልኩ። 3 ሊትር ጨመረባት።

ይኸው 12 ቀን ሆነ። ሞተሩ ሲግል፣ መብራት ላይ ቆሜ በሚኒሞ ስትሠራ፣ አረንጓዴዋ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ትንሽ ነዳጅ ስሰጣት ትጠፋለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከሥሯ የብር ሳንቲም የሚያህል ዘይት አገኛለሁ። ሁለት ሦስት ጠብታ። በፊት እንዲህ አልነበረችም።

አንዱ 20ደብሊው50 ይለኛል። ሌላው የናፍጣ መኪና ዘይት አድርጊባት ይለኛል። ከፊት ኮፈኑ ውስጥ፣ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር፣ አባቴ የተወው ግማሽ የደረሰ የ40 ዘይት ቆርቆሮ አገኘሁ። እሱንስ ልጠቀምበት? የትኛው ነው ትክክሉ?

ሳሪስ አቦ

20ደብሊው50 አድርጊባት፣ ዓይንሽን አትሺ። የድሮ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል። እኔ 11 ዓመት እሱን ነው የማደርገው፣ መብራቷ አንድ ቀን በርታብኝ አታውቅም። መልካም ጉዞ፣ ስለትሽን ይቀበልልሽ።

የድሮ መካኒክ

ልጄ፣ ለአባትሽ ነፍስ ይማር። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 38 ዓመት ቮልስ ስከፍት ስዘጋ ኖሬያለሁ። አሁን ዓይኔ ስለደከመ ጋራዡን ለልጆቼ ትቻለሁ። ግን ይህን ጉዳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የትኛውን ዘይት ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ነገ ጠዋት፣ ሞተሩን ሳታስነሺ፣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ አውጪና አሽትቺ። ጠርገሽ መልሰሽ ክተቺና ደግሞ ልኩን እዪ። ሁለቱንም ጻፊልኝ።

ለምን እንዲህ እንደምልሽ ልንገርሽ። የአንቺ ቮልስ ሞተር የሚይዘው 2 ሊትር ተኩል ዘይት ነው። 3 አይደለም፣ 4 አይደለም። 1200 ይሁን 1600 ያው ሁለት ተኩል ነው። የዛሬ መኪና የለመደ ልጅ ይህችን ዘይት ሲያይ ያንስባታል ይመስለዋል። ሲበዛ ግን ዘይቱ ይናጣል፣ አረፋ ይሆናል፣ በየፓራኦሊዮው፣ ዘይት እንዳይወጣ በሚያሽገው ላስቲክ፣ እየገፋ ይወጣል። ስለዚህ የምታዪው ጠብታ ከፊሉ ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። የቤንዚን ፓምፗ ሞተሩ ላይ የታሰረች ናት። ውስጧ ላስቲክ የመሰለች ሜምብራና አለች። መኪና ዓመት ሲቆም ሜምብራናዋ ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። ከዚያ ፓምፗ በመታች ቁጥር ትንሽ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ታወርዳለች። ቤንዚን የገባበት ዘይት ደግሞ ስሙ 5ደብሊው30 ይሁን 20ደብሊው50 ዘይትነቱ ቀርቷል። ሲግል እንደ ውኃ ነው። አረንጓዴዋ መብራት የምትጠቅስሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ወፍራም ዘይት ብትጨምሪ ሁለት ሳምንት ትሸፍኚዋለሽ፣ አዋሽ በረሃ ላይ ይገለጥብሻል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ሳሪስ አቦ ያለውን ብዙ ሰው ይለዋል። በክፋት አይደለም፣ መብራቷ ስትጠፋ ስላዩ ነው። እኔ ግን ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውን በአንድ ቀን ተምሬ ጥዬዋለሁ። በ1979 ዓ.ም. ነው። ለአንድ ደንበኛዬ ድፍን 50 ዘይት፣ ደብሊው የሌለው አንድ ቁጥር ብቻ ያለውን፣ ሞላሁለት። ሞተሩ ያረጀ ስለነበር የጠቀምኩት መስሎኝ ነው። ሰውዬው ደብረ ብርሃን አደረ። ያን ጊዜ የደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ፣ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። ጠዋት አስነስቶ ወዲያው ነዳጅ ረገጠ። የዘይት ማቀዝቀዣው ጎማ ፈንድቶ ዘይቱ በሙሉ መንገድ ላይ ፈሰሰ።

ምን ሆነ? ቮልስ ውኃ የላትም። የሚያቀዘቅዛት ነፋሱና ዘይቱ ነው። በአንቺ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣዋ ቬንትላተሩን በሸፈነው ቆርቆሮ ውስጥ ቆማለች። ዘይቱ ወፍራም ሆኖ ግፊት ሲበዛ፣ ከሥር ያለች አንዲት ስፕሪንግ ያላት ፒስተን ትከፈትና ዘይቱን ማቀዝቀዣውን ሳይነካ ወደ ታች ትመልሰዋለች። ማቀዝቀዣው እንዳይፈነዳ ነው። ያቺ ፒስተን በቆሻሻ ከተያዘች ግን ግፊቱ ሁሉ ማቀዝቀዣው ላይ ያርፋል። የደንበኛዬ ተይዛ ነበር። እኔ ደግሞ ሳላያት ድፍን 50 ጨመርኩበት። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ በነጻ ሠራሁለት። ሞተሩን ግን ዘይት ሳይኖረው ትንሽ ሄዶበት ስለነበር ብሮንዚናውን፣ ክራንኩ የሚሽከረከርበትን ለስላሳ ብረት፣ ማዳን አልቻልኩም።

ያቺ ፒስተን ካልተያዘችም ቢሆን፣ ዘይቱ ከልክ በላይ ሲወፍር ማቀዝቀዣውን እየዘለለ ይመለሳል። ስለዚህ ወፍራም ዘይት አንዳንዴ ሞተሩን ያግለዋል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ቁጥሮቹን እንዲህ ያዢያቸው። ከደብሊው በፊት ያለው የብርድ ነው። ከኋላ ያለው ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ያለው ውፍረት ነው። 5ደብሊው ማለት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ሞተር እንዲነሳ የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ይህን መቼ አየች? 15ደብሊው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ ያስነሳል። ለእኛ ከበቂ በላይ ነው።

ፋብሪካው ራሱ ለአውሮፓ የሙቀት ወራት ድፍን 30፣ ለሞቃት አገር ድፍን 40 ይል ነበር። ስለዚህ 30 የሚለው ቁጥር ብቻውን ሞተርሽን አይገድልም። ግን ሞተርሽ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ በብረትና በብረት መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። ከአዲስ አበባ ወደ መተሐራ ትወርጃለሽ፣ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በታኅሣሥም ቢሆን ቀኑ ይሞቃል። ከዚያ አሰበ ተፈሪን አልፈሽ የጨርጨርን ዳገት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ትወጫለሽ። ያ ዳገት ዘይት የሚፈተንበት ቦታ ነው። እዚያ 40 ያስፈልግሻል።

የእኔ ምርጫ ተራው 15ደብሊው40 ነው። ሲንተቲክ ያልሆነው። ብሮንዚናዋ በጣም ካለቀ ያኔ 20ደብሊው50 እናደርጋለን። እሱ ግን ሞተር እስኪወርድ ማቆያ ነው።

አባትሽ የተወው 40 ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ለዚያ መንገድ 40 የመረጠ ሰው መኪናውን ያውቃል። ግን ተከፍቶ የቆየ ነው፣ አቧራና እርጥበት ገብቶበታል። ሞተር ውስጥ አታድርጊው። ለበር ማጠፊያ ተጠቀሚበት፣ ቆርቆሮውን አስቀምጪው።

መለኪያዋን አሽትተሽ ጻፊልኝ። እስከዚያ አትንጃት።

ሐበሻ ከሽቱትጋርት

ሰላም። ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ እዚህ ጀርመን የ1971 ቮልስ አለችኝ። 30 ዓመት ያለፈው መኪና እዚህ ኦልድታይመር ተብሎ ሰሌዳው ላይ ኤች የሚል ፊደል ይጨመርለታል። ለእነዚህ መኪኖች ብቻ የሚሸጥ ዘይትም አለ፣ ድፍን 30ና ድፍን 40 ሳይቀር።

መጨመር የፈለግኩት ስለ ዚንክ ነው። የቮልስ ካምሻፍት፣ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ፣ ያለው ጉብታ አራት ብቻ ነው። ቫልቮቹ ግን ስምንት ናቸው። አንዱ ጉብታ ግራና ቀኝ ሁለት ፑንቴሪያ፣ ግፊቱን ወደ ቫልቭ የሚያደርሱ ብረቶች፣ ይገፋል። ፑንቴሪያዎቹ ደግሞ ተንከባላይ የላቸውም፣ ብረት በብረት ላይ ነው የሚንሸራተተው። በዚያ ቦታ ላይ ብረቱን የሚጠብቀው ዘይቱ ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፎረስ ቅመም ነው።

አዳዲስ መኪኖች ጭስ ማጣሪያ ስላላቸውና ፎስፎረስ ስለሚያበላሸው፣ ቅመሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተቀንሷል። ቆርቆሮው ላይ ኤፒአይ ከሚለው የዘይት ደረጃ ምልክት ቀጥሎ ሁለት ፊደል አለ። ኤስ ብሎ የሚጀምረው የቤንዚን፣ ሲ ብሎ የሚጀምረው የናፍጣ ነው። በፈረንጅ 2004 ከወጣው ኤስኤም ጀምሮ እንደ 5ደብሊው30 ያሉት ቀጫጭን ዘይቶች ፎስፎረሳቸው ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ገደቡ ግን 15ደብሊው40ንና 20ደብሊው50ን አይመለከትም። ስለዚህ ቀጭኑን መተውሽ በዚህም ይጠቅምሻል።

የናፍጣ ዘይት አድርጊ ያለሽ ሰውም ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ሲአይ4 የሚለው 15ደብሊው40 ቅመሙ ብዙ ነው። ቆርቆሮው ላይ ከሲአይ4 አጠገብ ኤስኤል ወይም ሌላ የኤስ ፊደል ካለ ለቤንዚንም ተፈቅዷል ማለት ነው።

እኔ በጠርሙስ የሚሸጥ የዚንክ ቅመም ለብቻ እገዛና እጨምራለሁ። ለእሷም ከዚህ በሰው ልልክላት እችላለሁ።

የድሮ መካኒክ

ልጄ ከሽቱትጋርት፣ ስለ አራቱ ጉብታ ያልከው ልክ ነው። ካምሻፍት ተበልቶ ቫልቭ አልከፍት ያለ ስንቱን ቮልስ አይቻለሁ። በጠርሙሱ ግን አልስማማም። ዘይት የሚሠራው ሰው ቅመሙን በልኩ መዝኖ ነው የሚያስገባው። ከላይ ስትጨምርበት ልኩ ይዛባል። ትክክለኛውን ዘይት ከመረጠች ጠርሙስ አያስፈልጋትም። ስለ ቸርነትህ ግን እግዜር ይስጥህ።

ዘይት ሻጭ ከአዳማ

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ዘይት ነው የምሸጠው። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር።

የትኛውንም ብትመርጪ ክዳኑን እዪ። የክዳኑ ቀለበት ሲከፈት መበጠስ አለበት። ቀድሞ የተበጠሰ ወይም በሙጫ የተያያዘ ከሆነ መልሺው። ከክዳኑ ሥር የሚላጥ ማሸጊያ ካለው ሳይላጥ መሆኑን እዪ። አንዳንድ ሰው ባዶ ጣሳ ሰብስቦ ያገለገለ ዘይት አጥርቶ ይሞላበታል። ሲቀዳ ቀለሙ ያምራል፣ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ጣሳሽን በምስማር ብሺው። ያንቺ ባዶ ጣሳ ሌላ ሰው መኪና ውስጥ በሐሰት እንዳይገባ።

ደግሞ 4 ሊትር ጣሳ ስትገዢ አንድ ሊትር ተኩል ይተርፍሻል። ደህና ዘግተሽ ከፊት ኮፈኑ ውስጥ ይዘሽው ሂጂ። በመንገድ ላይ ሌላ ዓይነት ከመቀላቀል ያድንሻል።

የአባቴ ቮልስ

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አሸተትኩት። ቤንዚን ይሸታል። ጥያቄ የለውም፣ እህቴንም አስሸተትኳት፣ ሳልነግራት ቤንዚን አለች። ልኩም ከላይኛው ምልክት በጣም ያልፋል።

ትናንት ማታ ጎረቤታችን አግዞኝ አወጣነው። በሊትር መለኪያ ቀዳነው። 3 ሊትር ተኩል ወጣ! ልጁ የጨመረው 3 ነበር። ግማሽ ሊትሩ ቤንዚን ነው ማለት ነው? እንደ ውኃ ነው የሚንጠባጠበው። ደንግጫለሁ። ሞተሩን ጎድቼው ይሆን?

የድሮ መካኒክ

አትደንግጪ። 12 ቀን ነው፣ ያውም ከተማ ውስጥ። መብራቷን አይተሽ ችላ አላልሽም። ደግሞም ቤንዚን የሞላው ክራንክኬዝ፣ ዘይቱ የሚጠራቀምበት የሞተሩ ሆድ፣ እሳት ነው፤ ወጥቶልሻል። ያወጣሽውን ፈሳሽ ከክብሪት አርቂው፣ መሬት ላይም አታፍሺው።

አሁን በተራ እንሂድ።

መጀመሪያ ፓምፗን ቀይሪ። ሶማሌ ተራ የቮልስ ዕቃ ያላቸው ልጆች አሉ። አሮጌዋን ይዘሽ ሂጂና አመሳስለሽ ግዢ። ስትታሰር ከሥሯ ያለው ጓርኒሲዮን፣ መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ በፊት የነበረውን ውፍረት ያህል መሆን አለበት፤ ቀጭን ከሆነ ፓምፗ ከልክ በላይ ትገፋለች። የካርቡራቶሩን መርፌም አሳዪ፣ እሷም ካልዘጋች ቤንዚን ታሳልፋለች።

ከዚያ ከሥር ያለችውን ክብ ሳህን ክፈቱ። ቮልስ የወረቀት ፍልትሮ የላትም። ያላት ወንፊት ነው። ሳህኗን ስድስት ትንንሽ ዳዶ ይዟታል። ወንፊቷን በቤንዚን እጠቡ፣ ሳህኑ ሥር የተኛውን ዝቃጭ በጣትሽ አሺው። ጥቁር ጭቃ ብቻ ከሆነ የዕድሜ ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ማግኔት አስጠጊበት። ማግኔት የሚስበው ብረት ነው፣ ከካምሻፍትና ከፑንቴሪያ ሊሆን ይችላል። ማግኔት የማይስበው ከብሮንዚና ሊሆን ይችላል። ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።

ስትገጥሙ ሁለት አዲስ የወረቀት ጓርኒሲዮን፣ አንዱ ከወንፊቱ በላይ አንዱ ከሥር። ለዳዶዎቹ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ። ጎረቤትሽን አደራ በይልኝ፣ ዳዶዎቹን እንዳያጠብቃቸው። በትንሹ ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ። የገቡበት ብረት ለስላሳ ነው፤ አንዴ ቪቴው ከተነቀለ ያ ቦታ ዕድሜ ልኩን ሲያንጠባጥብ ይኖራል። ከማየው የዘይት መፍሰስ ብዙው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

15ደብሊው40 2 ሊትር ተኩል ጨምሪ። መኪናዋ ለጥ ባለ ቦታ ትቁም። ቀስ ብለሽ አስነሺ፣ አምስት ደቂቃ ትሥራ፣ አጥፊያት፣ ትንሽ ቆይተሽ ልኩን እዪ።

ከቁልቢ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። በአረንጓዴዋ መብራት ብቻ አትመኚ። መብራቷ የምትበራው ግፊቱ ከ0.45 ባር በታች ወርዶ ነው፣ አንዳንዷ 0.15 እስኪደርስ ዝም ትላለች። ያ በጣም ትንሽ ነው። ዲስትሪቢውተሩ አጠገብ ያለችውን የመብራቷን ማብሪያ ፈትቶ ጌጅ የሚያስር መካኒክ ፈልጊ። የፋብሪካው ልክ በድፍን 30 ዘይት፣ ዘይቱ 70 ዲግሪ ሆኖ፣ በደቂቃ 2,500 ዙር 3 ባር ያህል ነው። 2 ባር ካልሞላ ሞተሩ አልቋል ይላል መጽሐፉ። 15ደብሊው40 አድርገሽ ከ2 በታች ካሳየሽ፣ ልጄ፣ ዘንድሮ በአውቶቡስ ሂጂ። ስለትሽን ገብርኤል ይቀበልሻል። መኪናዋን ለሐምሌ 19 እናደርሳታለን።

የአባቴ ቮልስ

ጋሼ፣ ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ።

ፓምፗ ተቀየረች። አሮጌዋን ስንከፍታት ሜምብራናዋ ጠርዟ ላይ ተሰንጥቃለች፣ ጥፍር ያስገባል። ወንፊቱ ላይ ጥቁር ጭቃ ብቻ ነው፤ ማግኔት አስጠጋን፣ ምንም አልሳበም፣ የሚያብረቀርቅም የለም። ፎቶውን ከሥር አያይዣለሁ።

ጌጅ የታሰረው ቅዳሜ ነው። እስከ ቃሊቲ ነድቼ አግዬ ተመለስኩ። በ2,500 ዙር 2.6 ባር። በሚኒሞ መብራቷ ጠፍታ ቀረች። ከሥሯ ያለው ጠብታም አሁን በሁለት ቀን አንድ ነው።

ልሂድ?

የድሮ መካኒክ

2.6! ደስ አሰኘሽኝ። ሂጂ።

በሌሊት ተነሺ፣ የመተሐራን ሜዳ ፀሐይ ሳይበረታ እለፊው። አዋሽ ላይ ቁርስ ብዪ፣ ሞተሩም ይረፍ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቆይተሽ መለኪያዋን እዪ። ከታችኛው ምልክት በላይ ከሆነ አትጨምሪ። የጨርጨር ዳገት ላይ ማርሹን ቀድመሽ ቀንሺ፣ ሞተሩ እያቃሰተ በከፍተኛ ማርሽ አይውጣ። ዙር ሲኖር ቬንትላተሩም ይፈጥናል፣ ዘይቱም ይቀዘቅዛል።

ስትመለሺ፣ ቤንዚን ገብቶበት የነበረ ሞተር ስለሆነ፣ ይህን ዘይት 1,500 ኪሎ ሜትር ላይ ቀይሪው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ 5,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ፍልትሮ ለሌለው ሞተር በእኛ አቧራ እኔ ከ3,000 አላሳልፍም። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፈሽ ኮፈኑ ውስጥ ለጥፊው። የአባትሽም ወረቀት እዚያው የሆነ ቦታ አይጠፋም፤ ከጎማው ኋላ ፈልጊ።

የአባቴ ቮልስ

ጋሼ! አለ። በእስክሪብቶ የተጻፈ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ 40 ቁጥር፣ 2 ሊትር ተኩል፣ ወንፊት ታጥቧል።